ቀሲል አይታጠብም

ሮማነወርቅ ሰይፈ ቀሲል ስትፈትን ሚዛን አታወጣም፤ ማንንም አታማክርም። ከማዳበሪያው አንድ ቁንጥር ዱቄት አንሥታ በግራ መዳፏ ላይ ታኖርና ውኃ ጠብ ታደርግበታለች፤ ከዚያ በቀኝ አውራ ጣቷ ታሸዋለች። ቅጠሉ ደኅና ከሆነ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ካልሆነ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ጭቃውን ያመጣ ነጋዴ ቢምል ቢገዘት፣ ሰባት ምስክር ቢያቆም፣ እሷ መዳፏን ጠርጋ "ወስደህ ለፍየል አብላው፤ ፍየሏም ካልናቀችው ነው" ትለዋለች። ደግሞ ሰው ይሰማኛል ብላ ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም።

ቀሲል ማለት የቁርቁራ ዛፍ ቅጠል ነው፤ በጥላ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ዱቄት የሆነ። የሶማሌ ሴቶች ፀጉራቸውን ይታጠቡበታል፣ ፊታቸውን ይቀቡታል፤ ጅግጅጋ ውስጥ ሙሽራ ያለ ቀሲል አትሞሸርም። እንግዲህ የመቶ አለቃ ሰይፈ ልጅ፣ በየወሩ ሚካኤልን የምትሳለም ክርስቲያን፣ በሶማሌ ሴቶች የፊት ዱቄት ላይ እንዴት ዳኛ ሆነች ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ይጠይቅ። እሷም ስትጠየቅ ደስ ይላታል።

አያቷም ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሷም እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ ሶማሊኛዋን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ደንበኛ መጥቶ ሲያያት ሶማሌ ሴት ጠብቆ ነበርና ይደነግጣል። እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ ስትታመስ ማሽኖቿ ሄዱ፤ ሱቋ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቷ ነጅማ ግን "የኔ ቤት እያለ የት ትሄጃለሽ" ብላ እጇን ይዛ አስገባቻትና ዘጠኝ ቀን ከልጆቿ ጋር አስተኛቻት። በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሮማነወርቅ ማልቀስ ሲሰለቻት የነጅማን ቀሲል መንፋት ጀመረች። እጅ ሥራ ይፈልጋላ። ዱቄቱ አሸዋ አለበት፣ የእሾህ ስባሪ አለበት፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሌላ ቅጠልም አለበት።

"ይህን ነው ፊታችሁን የምትቀቡት?" አለች።

"ሌላ ከየት ይመጣል?" አለች ነጅማ።

ሮማነወርቅ መልሱን ፍለጋ ወጣች፤ ይኸው እስከ ዛሬ በዚያው አለች።

ደላሎቹ ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ አይናገሩም፤ ቢናገሩ ምን ይበላሉ? እሷ ግን ባሺርን ይዛ ተራራውን ማሰስ ጀመረች። ባሺር አይሱዙ የሚነዳ፣ ጫት ያነሰው ቀን የሚነጫነጭ፣ በሌላው ቀን ግን ወርቅ የሆነ ሰው ነው። ከቱሊ ጉሌድ በላይ፣ መኪና ትንፋሽ የሚያጥረው ዳገት ላይ፣ በደረቅ ወንዝ ዳርና ዳር ቁርቁራ የተሰለፈበት መንደር አገኙ። የመንደሩን ሴቶች የሚመሩት ባቱሎ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ሁሉም "አዬዮ" ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት፤ ሮማነወርቅም አዬዮ አለቻቸው።

በመጀመሪያው ቀን ባቱሎ "ደላላው ከመሬት የተጠረገውንም ይወስዳል፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትመርጪው?" ብለው ሳቁባት። በሁለተኛው ዓመት ሳቁ ቀረ። ሴቶቹ ቅጠሉን በሸራ ላይ ማራገፍ፣ በጥላ ማድረቅ፣ እሾሁን መልቀም ለመዱ። እሷም ዋጋውን እዚያው ቆማ ትከፍላለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ "ነገ" ብላ አታውቅም። ያለችው ሁሉ እንዳለችው ሆኖ ስለሚገኝ፣ ተራራው ላይ "ሮማን ብላለች" ከተባለ ክርክር የለም። ትልቅ ክብር ነው። ኋላ ጉድ ያፈላውም ይኸው ክብር ነው።

2015 ላይ ድርቁ ሲከርም የተራራው ሰው ከብቱ አለቀበት። በዚህ መሐል አንድ የከሰል ነጋዴ ወጣና በወንዙ ዳር ያሉትን ቁርቁራዎች በሙሉ ቆርጬ ላክስላቸው፣ ዋጋቸውን እሰጣችኋለሁ አለ። ወንዶቹ ምን ያድርጉ? የተራበ ልጅ ዛፍ አይበላም። ሽማግሌዎቹ ግን የሰውየውን ፊት አዩና "ትንሽ ጊዜ ስጠን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ና" አሉት።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ለሮማነወርቅ ትልቅ በር ተከፍቶላት ነበር። ድንበር ላይ ባለችው ቶጎጫሌ ኢስተሂል የምትባል ነጋዴ አለች፤ ቀሲል ገዝታ በትናንሽ ቆርቆሮ እያሸገች ወደ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ የምትልክ። ኢስተሂልም የራሷ አፈታተን አላት። ዱቄቱን በሳህን ውኃ ትመታና አረፋው ላይ አንድ የክብሪት እንጨት ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። ክብሪቱ ከቆመ ትገዛለች፤ ከወደቀ ሳህኑን ውጭ ደፍታ ሌላ ወሬ ታነሣለች።

"ስምንት ማዳበሪያ ይዘሽ ነይ" አለቻት ለሮማነወርቅ። "ክብሪት ካቆመልኝ የተራራሽን ቅጠል በየወቅቱ በሙሉ እወስዳለሁ። ካላቆመ ግን ዳግመኛ አትድከሚ።"

ሮማነወርቅ ይህን ለባቱሎ በስልክ ስትነግራቸው ባልቴቷ "እንግዲህ ያቺ ሴትዮ ቅጠሉን ከወሰደች ዛፉ ይተርፋል" አሉ። "ካልወሰደች ወንዶቹ ፊት ምን አፍ አለኝ?"

"ይተርፋል አዬዮ። እኔ አለሁ አይደል?"

አለች እኮ። ደረቷን ነፍታ ነው ያለችው።

ይህን ባለች በሦስተኛው ቀን ሥልጠና ተጠራች። ከተራራ መንደሮች የሚመጡ የደን ውጤቶችን ገበያ ላይ ስለ ማዋል ነው የተባለው፤ አሠልጣኙ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት ወጣት ነበር። ስለ ማር አስተማረ፣ ስለ ሙጫ አስተማረ፣ ስለ ሽፈራው ቅጠል አስተማረ። የቀሲልን ስም አላነሣም፤ ሰምቶትም የሚያውቅ አይመስልም። ግድግዳው ላይ ግን በትልልቁ፣ ለምግብ የሚቀርብ ቅጠል ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ የሚል ጽሑፍ አበራ። ሮማነወርቅ ጻፈችው። ከሥሩም አሰመረችበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ ለብልህም ይሠራል፤ ሰርተፊኬቷን እንደ ተቀበለች ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ ደወለች።

"አዬዮ፣ ቅጠሉን እጠቡት። ሁለት ጊዜ፣ በንጹሕ ውኃ።"

"የደረቀውን?" አሉ ባቱሎ።

"የደረቀውንም። መልሳችሁ ታደርቁታላችሁ።"

"እሺ ልጄ።"

አሁን ይህ ምን ይባላል? ቀሲል ውኃ ሲነካው አረፋው እንደሚወጣ መዳፏ ላይ ስንት ሺህ ጊዜ አይታለች። የወጣ አረፋ ከእጣቢው ጋር አብሮ እንደሚደፋ ልጅ አይስተውም። እሷ ግን በዚያ ሰዓት አላሰበችም፤ ማሰቡን ለባለ ሸሚዙ ሰጥታው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ስምንቱ ማዳበሪያ አርብ ገባ። ቅጠሉ ያምራል፤ አቧራ የለው፣ አሸዋ የለው፣ ብርሃን ያሳልፋል ቢባል ይቀላል። አስፈጭታ አስነፋችው። ቅዳሜ ጧት ባሺር ማዳበሪያዎቹን ሊጭን ሲመጣ፣ ልማድ ነውና አንድ ቁንጥር አንሥታ መዳፏ ላይ ውኃ ጠብ አደረገች። አሸችው። ደግማ አሸችው። ከሁለተኛው ማዳበሪያ አነሣች፣ ከአምስተኛው አነሣች።

ጭቃ ነው።

ምን እንደ ተደረገ ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ አልወሰደባትም፤ መዳፏን እያየች ቆማ "አጠቡት ብያለሁ" አለች፣ ለባሺር ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ዱቄቱ ውስጥ እጇን እንደ ነከረች ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

ባሺር ነገሩ ሲገባው አንገቱን አከከ። "የልብስ ሳሙና ዱቄት ብንቀላቅልበትስ?" አለ። "ክብሪት አይደለም ሚስማር ያቆማል። ሌሎቹ ሲያደርጉት የማላውቅ መሰለሽ?"

እውነቱን ልናገር፤ አሰበችው። አልሰማሁም ብላ ብትቆጣው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ አድርጋ አሰበችው። የባቱሎን ዛፎች አሰበች፣ ያንን "እኔ አለሁ" አሰበች፣ አንድ ኪሎ ሳሙና ለስምንት ማዳበሪያ ይበቃ እንደሆነ እንኳ አሰበች። ኋላ የነጅማ ትንሿ ልጅ ትዝ አለቻት፤ በነዚያ ዘጠኝ ቀናት ፊቷን ቀሲል ተቀብታ፣ ዓይኖቿ ብቻ እየበሩ፣ አጠገቧ የተኛችው።

"ይህ ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ነው ባሺር" አለች። "የሰው ዓይን አላጠፋም። መኪናውን አዙር፤ ወደ ተራራው ነን።"

ለኢስተሂል ደወለችና ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ቀን ስጪኝ አለቻት። ምክንያት አልደረደረችም። ኢስተሂልም "ዕቃዬ ሰኞ ሳምንት ይወጣል፤ እሑድ ካልደረስሽ የለሁም። ሁለት ማዳበሪያም ይበቃኛል፤ እኔ አረፋውን እንጂ ብዛቱን አላይም" አለቻትና ዘጋች። የከሰል ነጋዴው የሚመለሰውም በዚያው ሰኞ ነው።

መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትል ስታዘጋጅ ሄደች። ይቅርታ አለበት፤ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ ትንሽ ወቀሳም ጨምራበት ነበር። ስልሳ ዓመት ቀሲል የተቀቡ ሴት ቀሲል ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ጠፍቷቸው ነው?

መንደሩ እንደ ደረሰች ግን መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ቢርካው ላይ ነበር። ቢርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ የመንደሩ ነፍስ እሱ ላይ ትንጠለጠላለች። ወለሉ ይታያል። አንድ ጥግ ላይ በቀረችው ጭቃ ላይ ንቦች ሰፍረዋል።

"አዬዮ፣ ውኃው የት ሄደ?"

"ቅጠሉን አጠብንበት" አሉ ባቱሎ። "ሁለት ጊዜ ብለሽ የለ? አሁን ልጃገረዶቹ በአህያ ከታች ያመጣሉ። ጧት ሄደው ማታ ይመለሳሉ።"

እንደ ተራ ነገር ነው የተናገሩት። ሮማነወርቅ ወቀሳውን ተወችው። ያም ሆኖ አንዱን ጥያቄ መዋጥ አልቻለችም።

"አረፋው እንደሚሄድ አያውቁም ነበር?"

"አውቅ ነበር እንጂ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

ባልቴቷ ጥያቄው ገረማቸው። "አንቺ ነሻ ያልሽው። አራት ዓመት ሙሉ ካንቺ አፍ ሐሰት አልሰማሁም። አረፋ የሌለው ቀሲል ለሆነ ነገር የሚፈልግ አገር አለ፣ ገበያውን የምታውቀው እሷ ናት ብዬ ነው።"

ሮማነወርቅ ማሽኖቿ የተወሰዱ ቀን እንኳ እንዲህ አላፈረችም፤ ያኔ የበደላት ሌላ ነው፣ አሁን ግን የታመነችው ራሷ ናት ሰዎቹን ውኃ ያሳጣቻቸው። ቢርካው አፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ባቱሎ እስክትጨርስ ጠበቋትና የሻሻቸውን ጫፍ ሰጧት።

"ሽማግሌዎቹን ይጥሩልኝ" አለች ፊቷን ጠርጋ። "ሀል አለብኝ።"

ሀል የበደለ ሰው የሚሰጠው የቁጣ ማብረጃ ነው፤ ሰጪው ሽማግሌ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ መናገር አለበት። የበደለች እንግዳ ሴት ራሷ ልስጥ ስትል መንደሩ ሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም መጣ። የተቀመጡት ሽማግሌዎቹ ዘወትር በሚቀመጡበት ቁርቁራ ሥር ነው። ይህ ዛፍ ከወንዙ ፈንጠር ብሎ ብቻውን የቆመ፣ እንደ ጣሪያ የተዘረጋ ነው፤ ጋብቻ የሚታሰረው፣ ደም የሚታረቀው እዚያ ነው። ከእሱ ላይ ቅጠል ያራገፈ ሰው የለም።

ሮማነወርቅ ቆመች። "ቅጠላችሁንም ውኃችሁንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለች። "የማላውቀውን ነገር እንደማውቀው አድርጌ አዘዝኩ። ሴቶቹ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት፤ በአንድም ነገር አይወቀሱ። ሀሌ አንድ ቦቴ ውኃ ነው፤ ባሺር ነገ ያስመጣዋል።"

የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ዐብዲዐዚዝ፣ ግራ ቀኙን ተመለከቱ። "ሀሉን ተቀብለናል፤ ቂም የለንም" አሉ። "ቅጠሉስ ልጄ? የወንዙ ዳር ዛፎች ተራግፈው አልቀዋል። እስኪያቆጠቁጡ ሰኞ አይጠብቀንም።"

ያቺ ነጋዴ እሑድ ሁለት ማዳበሪያ ብቻ ቢደርሳት እንደሚበቃት ነገረቻቸው። ከየት እንደሚገኝ ግን አላውቅም አለች።

ባቱሎ ከሴቶቹ በኩል ብድግ ያሉት ይኼኔ ነው። በምርኩዛቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

"ሁለት ማዳበሪያ ቀሲል ሥር ተቀምጣችሁ ነው ቅጠል የለም የምትሉት።"

ወንዶቹ ተንጫጩ። አንዱ "ይህ የአባቶቻችን ጥላ ነው" አለ፣ ሌላው "የት ልንቀመጥ ነው?" አለ። ባቱሎ ጫጫታው እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

"ዛፉን ማን ቁረጡ አለ? ቅጠሉን ነው ያልኩት። ቅጠል ይመለሳል፣ የማይመለሰው ከሰል ነው። እኛ ሴቶች የቢርካውን ውኃ ስንሰጥ ማንም ምን ልትጠጡ ነው አላለንም። ሴት ያለ ውኃ ከሰነበተች ወንድ ያለ ጥላ መሰንበት ያቅተዋል?"

ዐብዲዐዚዝ ቀና ብለው ቅርንጫፉን ብዙ ጊዜ አዩ። ምናልባት እዚያ ሥር የታረቁትን ሰዎች እየቆጠሩ ይሆናል፤ ምናልባትም ፀሐይዋን እየለኩ። በመጨረሻ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"ቅርንጫፍ እንዳይሰበር" አሉ።

በማግስቱ ቦቴው ወጣ፤ ዛፉም ተራገፈ። ሮማነወርቅ ራሷ ሸራ ዘርግታ፣ እጇን እሾህ እየቦጫጨራት፣ ከሴቶቹ ጋር ለቀመች። በጥላ አደረቁት፣ እዚያው ወቀጡት፣ እዚያው ነፉት። አንዲት ጠብታ ውኃ እንድትነካው አልፈቀደችም፤ ባሺር እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ሲጠጋ እንደ ሌባ ነው ያባረረችው። ቅዳሜ ማታ ሁለቱ ማዳበሪያ ተሰፋ።

እሑድ ቶጎጫሌ ኢስተሂል ሳህኗን አቀረበች። ዱቄቱን በጣቶቿ መታችው፤ አረፋው ተነሣ፣ ጠነከረ፣ ከሳህኑ አፍ በላይ ወጣ። ክብሪቷን አቆመች። ሻይ ታዘዘ፤ ሻዩ መጣ፣ ተጠጣ፤ ክብሪቱ ቆሟል። ኢስተሂል ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

"ይህ ከየትኛው ዛፍ ነው?"

"ሽማግሌዎች ከሚቀመጡበት" አለች ሮማነወርቅ፤ ታሪኩንም በሙሉ ነገረቻት፣ ሰርተፊኬቱን ሳትደብቅ።

ኢስተሂል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ከእሱ በየወቅቱ ታመጪልኛለሽ?"

"አላመጣም። ከሱ ዳግመኛ አይነካም። ከወንዝ ዳሮቹ ግን አመጣልሻለሁ፤ አፈሩ አንድ ነው፣ እናቱም አንድ ናት። ካላመንሽኝ ክብሪትሽን ይዘሽ ጠብቂኝ።"

"እወስዳለሁ" አለች ኢስተሂል።

ተራራው ላይ ስልክ ይሰማል ከተባለ ነፋስ ሲፈቅድ ነው፤ እሑድ ደግሞ አልፈቀደም። ሰኞ ጧት ሮማነወርቅና ባሺር ዳገቱን ሲወጡ የከሰል ነጋዴው መኪና ቀድሟቸው ደርሶ፣ የጫናቸው መጋዞች ከኋላ ይታዩ ነበር። ባሺር ሳያቆም ዘላ ወረደች።

ሽማግሌዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም። ሁሉም አንድ ቅጠል በሌለው ቁርቁራ ሥር፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ እያንዳንዳቸው በለመዱት ድንጋይ ላይ፣ የትከሻ ጨርቃቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። የዐብዲዐዚዝ ላብ በሂናው ጢማቸው ይወርዳል። ነጋዴው በጋቢናው ጥላ ተጠግቶ "አባቶቼ፣ ቤት ገብተን ብንነጋገር ምን አለበት?" ይላቸዋል።

"ጉዳይ የሚቆረጠው እዚህ ነው" አሉት ዐብዲዐዚዝ። "የምንጠብቃት ሴት አለች።" ሮማነወርቅን ሲያዩ ጨርቃቸውን ከግንባራቸው ገለጥ አደረጉ። "እህ?"

"ወሰደችው" አለች። "የዚህን ወቅት ብቻ አይደለም። በየወቅቱ።"

ሽማግሌው ወደ ነጋዴው ዞሩ። "ሰምተሃል። ዛፎቻችን ሥራ ይዘዋል፤ በሰላም ውረድ።"

መኪናው ባዶውን እየተንገጫገጨ ወረደ። ሮማነወርቅ ሽማግሌዎቹ አሁን ተነሥተው ወደ ቤት የሚገቡ መስሏት ነበር፤ ማንም አልተነሣም። የጠፋች ግመል ጉዳይ ቀርቦላቸው ኖሮ፣ ጨርቃቸውን መልሰው ራሳቸው ላይ ደልድለው ከሳሹን ተናገር አሉት። እሷም ባቱሎ አጠገብ ፀሐዩ ላይ ተቀምጣ ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።